አዲስ ታብሌት፣ እምቢ ያለ ዋይፋይ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። ሰሞኑን አዲስ ታብሌት በእጁ፣ ንዴት በፊቱ ይዞ የሚመጣው ሰው በዝቷል። ነገሩ ሁሉ ዋይፋይ ነው። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጠየቃችሁኝ። መልሱ ይኸው።

ጥያቄ፦ እህቴ ከጅዳ ታብሌት ላከችልኝ። ዋይፋዩ «ተገናኝቷል» ይላል፣ ግን አንድም ገጽ አይከፍትም። የልጄ ስልክ በዚያው ዋይፋይ ይሠራል። ፎርጅድ ልከውብኝ ይሆን? (ከሐይቅ)

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ መጀመሪያ ቀኑን እዪው። ስትከፍቺው ዓመተ ምሕረት ሲጠይቅሽ በእኛው አቆጣጠር 2018 ብለሽ ሞልተሽው ይሆናል። ታብሌቱ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው፤ ለእሱ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። እያንዳንዱ ድረ ገጽ ደግሞ መታወቂያ የሚመስል የደህንነት ሰርተፊኬት አለው፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት። ታብሌቱ ሲያየው ቀኑ ገና አልደረሰም፤ ስለዚህ በሩን ይዘጋል። ሴቲንግ ገብተሽ ቀንና ሰዓቱን «አውቶማቲክ» አድርጊው። እምቢ ካለ በእጅሽ በፈረንጁ ሙዪው፣ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ በዪው። ሰዓቱም የእኛ እንዳይሆን፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ለእሱ 9 ሰዓት ነው።

እኔም በዚህ ተሸውጃለሁ። የአንድ ሰው ታብሌት ጀርባውን ከፍቼ አንቴናውን ስነካካ ዋልኩ። ማታ ነው ቀኑን ያየሁት። ሒሳብ ለመቀበል አፈርኩ።

ጥያቄ፦ ሳሎን ሲሆን ይበራል፣ መኝታ ቤት ስገባ ድርግም። (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ ራውተርህ (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ሳጥን) ሁለት ስም ያሳይሃል? አንዱ ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሌላው ባለ 5 ነው። ባለ 5ቱ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ይፈራል። ባለ 2.4ቱ ዝግ ይላል፣ ግን ራቅ ብሎ ይደርሳል። መኝታ ቤት ባለ 2.4ቱን ያዝ። ደግሞ እስቲ ልገምት፦ ራውተሩ ቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ፣ ከስኒዎቹ አጠገብ ነው አይደል? አውጣው። ከፍ ያለ፣ ወደ ቤቱ መሀል የቀረበ ቦታ ላይ አድርገው። የድንጋይ ግንብና የቆርቆሮ ግድግዳ ሲግናል ይበላሉ። የጎረቤቶችህ ራውተሮችም በዚያው በ2.4 እየተጋፉ ከሆነ ቻናሉን (የሚያስተላልፍበትን መስመር) ወደ 1፣ ወደ 6 ወይም ወደ 11 ቀይረው።

ጥያቄ፦ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ታብሌቱ «የአይፒ አድራሻ በማግኘት ላይ» ብሎ ይቀራል። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ትዕግሥቴ አልቋል። (ከወልድያ)

መልስ፦ ጋሼ፣ የአይፒ አድራሻ ማለት ራውተሩ ለየዕቃው የሚሰጠው ቁጥር ነው። መብራቱ እንደመጣ አይቸኩሉ። ራውተሩ ለመነሣት ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ከዚያም ካልሆነ የዋይፋዩን ስም ተጭነው ይቆዩ፣ «እርሳው» የሚለውን ይምረጡ፣ የይለፍ ቃሉን እንደገና ያስገቡ። የይለፍ ቃሉን ለሰፈሩ ልጆች ከሰጡማ ራውተሩ የሚሰጠው ቁጥር አልቆበት ይሆናል። የእኛ ሰው ቡና ሲጠጣ ዋይፋይም አብሮ ይጠጣል።

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤታችን ዋይፋይ በተመዘገበ ዕቃ ብቻ ነው። አስመዝግቤውም አይቀበለኝም። (ከከሚሴ)

መልስ፦ ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ያሉት ታብሌቶች ለየዋይፋዩ የተለየ፣ የውሸት ማክ አድራሻ (የዕቃው መለያ ቁጥር) ይሰጣሉ። እርስዎ ያስመዘገቡት እውነተኛውን ነው። በዚያ ዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ «ፕራይቬሲ» የሚለውን ገብተው የዕቃውን ማክ ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ሲም ማስገቢያው የት ነው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የለውም። ዋይፋይ ብቻ የሚቀበል ነው የገዛኸው። ከስልክህ ሆትስፖት ክፈትለት፣ የስልክህን ኢንተርኔት በዋይፋይ ያካፍለዋል።

ጥያቄ፦ ሰለቸኝ፣ ሪሴት ላድርገው? (ከባቲ)

መልስ፦ የኔትወርኩን ብቻ አድርጊ። የዋይፋይ የይለፍ ቃሎችና የብሉቱዝ ግንኙነቶች ይጠፋሉ፣ ፎቶሽ አይነካም። ጠቅላላ ሪሴቱ ግን ሁሉንም ይጠርጋል። ከዚያ በኋላ ራውተሩ አጠገብ ቆመሽ ሞክሪ፤ የጎረቤትንም ዋይፋይ፣ የስልክንም ሆትስፖት። ሌላ ስልክ በሁሉም እየሠራ ታብሌቱ በሦስቱም እምቢ ካለ ጥፋቱ የዕቃው ነው። ማንም ሳይከፍተው፣ እኔም ብሆን፣ ዋስትናው ሳያልፍ ወደ ገዛሽበት ሱቅ መልሺው። ካርቶኑን ልጆች መጫወቻ አድርገውታል? እንግዲያው ቢያንስ ደረሰኙን ፈልጊ።