የድግግሞሽ ሰንጠረዥ፦ እናንተ ጠይቁ፣ እኔ ልመልስ

የስታቲስቲክስ መግቢያ ለያዛችሁ ነው። ሰንጠረዡ ቁጥሮችን በክልል ("ክላስ" በምንለው) ከፋፍሎ በየክልሉ ስንት እንደገባ ያሳያል። አብዛኞቻችሁ የላካችሁት አንድ ዓይነት ምሳሌ ስለሆነ በሱ እንሂድ፦ የ20 ተማሪዎች የፈተና ውጤት፣ ትንሹ 12፣ ትልቁ 47።

ጥያቄ፦ ስንት ክላስ ይውጣ? የኛ መምህር 5 አሉ፣ የጓደኛዬ ደግሞ 6።

መልስ፦ ሁለቱም ያስኬዳል። የክላስ ብዛት በሚገምተው በስተርጀስ ቀመር 1 + 3.322 ሎግ 20 ስታሰላው 5.32 ይመጣል። ቀመሩ መነሻ ይሰጥሃል እንጂ አያስርህም። ለ20 ሰው 12 ክላስ ካወጣህ ግን ሰንጠረዡ ምንም አይነግርህም።

ጥያቄ፦ ከ47 ላይ 12 ሲቀነስ 35። ለ5 ሳካፍለው ልክ 7 መጣ። ከ12 ጀምሬ ስሠራ ግን 47 ያገኘው ልጅ ቦታ አጣ!

መልስ፦ ጎበዝ፣ ብዙ ሰው ይሄን ሳያይ ያልፋል። ከ12 እስከ 47 ቁጠሪ እስቲ። 12 ራሱም ስለሚቆጠር 36 ቁጥሮች ናቸው። 5 ክላስ በ7 ስፋት የሚይዘው 35 ብቻ ነው፤ አንዱ ውጭ ያድራል። ስለዚህ ያለ ቀሪ ቢካፈልም ወደ 8 ከፍ አድርጊው። ከ12 መጀመርም ግዴታ አይደለም። እኔ ብሆን ከ10 እነሳለሁ፦ 10–17፣ 18–25፣ 26–33፣ 34–41፣ 42–49። ሁሉም ገባ።

ጥያቄ፦ ከ17 ላይ 10 ሲቀነስ 7 ነው። 8 ከየት መጣ?

መልስ፦ ስፋት የሚለካው ከአንዱ ክላስ መነሻ እስከ ቀጣዩ መነሻ ነው፤ ከ10 እስከ 18። በድንበር (በአንዱ ክላስ መጨረሻና በቀጣዩ መነሻ መሃል ባለው ነጥብ) ብትሄድም ከ9.5 እስከ 17.5፣ ያው 8። ሂስቶግራም (የሰንጠረዡን የባር ሥዕል) ስትስል በድንበሮቹ ተጠቀም፣ ባሮቹ ይገጥማሉ።

ጥያቄ፦ ለደም ዓይነትም ስፋት እናወጣለን?

መልስ፦ ኧረ የለም። ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ፣ ኦ ራሳቸው ክላስ ናቸው።

ጥያቄ፦ የኤክሴሉ "ፍሪኩዌንሲ" ፎርሙላ ከእጅ ቆጠራዬ ጋር አልገጥም አለ። 10፣ 18፣ 26 እያልኩ ነው የሰጠሁት።

መልስ፦ መነሻውን ሰጥተኸው ነዋ! እሱ የሚፈልገው የክላሱን መጨረሻ ነው፦ 17፣ 25፣ 33፣ 41፣ 49። 18 ስትሰጠው 18ንም ጨምሮ ይቆጥራል። ያኔ 18 ያገኘው ልጅ ታችኛው ክላስ ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ አንጻራዊ ድግግሞሹን (የየክላሱን ቁጥር ለ20 አካፍዬ ያገኘሁትን) ስደምር 0.99 መጣ። ማጠጋጋት ነው አይደል?

መልስ፦ ሌላ ዳታ ቢሆን አዎ እልሽ ነበር። እዚህ ግን ለ20 ስናካፍል ሁሉም በ0.05 ስለሚሄድ የሚጠጋጋ ነገር የለም። አንድ ሰው ብትረሺ እንኳ 0.95 ነው የሚመጣው። ድምሩን እንደገና እይው።