መልስ፦ ከፐርሲየስ የመጣው ጋማ ጨረር ጥቁር ቁስ ነው ወይ?

በፌርሚ (ጋማ ጨረር፣ ማለትም ከፍተኛ ጉልበት ያለው ብርሃን፣ የሚያይ የጠፈር ቴሌስኮፕ) ዳታ ላይ ደማቅ ነጥብ አይተህ ጥቁር ቁስ (ብርሃን የማይሰጥ፣ በስበቱ የሚታወቅ ቁስ) ነው ወይ ላልከው፦ አይደለም። በፐርሲየስ የጋላክሲዎች ክምችት መሃል ያየኸው ደማቅ ነጥብ ኤንጂሲ 1275 የምትባለው ጋላክሲ ናት። ጨረሩ የሚመጣው መሃሏ ካለው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ አካባቢ ከሚፈናጠረው ጄት (ቀጭን የቅንጣቶች ፍሰት) ነው።

መጀመሪያ ጋላክሲዋን እንደ ነጥብ ምንጭ (ስፋት እንደሌላት የብርሃን ነጥብ) ሞዴልህ፣ ማለትም ዳታውን የምታስመስልበት ስሌት፣ ውስጥ አስገባ። ጥቁር ቁሱ ግን በክምችቱ ውስጥ የተሰራጨ ስለሆነ ሰፋ አድርገህ አስቀምጠው። ሁለቱን ባንድ ላይ አስላ፤ ከጋላክሲዋ የተረፈ ጨረር ካለ ያኔ እናወራለን።

ከ1 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረሩ ጉልበት መለኪያ ነው) በታች ቸኩለህ አትፍረድ። እዚያ ላይ የፌርሚ ቴሌስኮፕ ዓይን ይደበዝዛል፤ 100 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የ1 ጊጋ አንድ አስረኛ) ላይ ብዥታው በርካታ ዲግሪ ይሆናል። ሌሊት ከደንገጎ ተራራ ሆነህ ድሬዳዋን ቁልቁል እንደማየት በለው፤ የከዚራና የመጋላ ሰፈሮች መብራት ይቀላቀልብሃል።

አንድ ነገር ግን አቦ፦ የጋላክሲዋን ድምቀት ከካታሎግ (ከታወቁ ምንጮች ዝርዝር) ወስደህ እንደማይለወጥ ቁጥር አትቆልፈው። ድምቀቷ ይለዋወጣል፤ የካታሎጉ ቁጥር አማካይ ነው። እኔ ቆልፌው፣ በድሬ ሙቀት ላፕቶፔ እየጋለ ሦስት ሌሊት አስልቼ፣ "ጥቁር ቁስ ተገኘ!" ብዬ ጓደኞቼን ቡና ጋብዣለሁ። ለካ ያን ሰሞን ጋላክሲዋ ደምቃ ኖሯል። ልቀቀው፣ ከዳታው ራሱ ይሰላ።