በ1940ው ቆጠራ ላይ ያልተገኙት አያት፦ ለጥያቄዎ ረዘም ያለ መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ላውሰን የሚባሉትን የባለቤትዎን አያት በ1930 እና በ1950 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ላይ ክሊቭላንድ ውስጥ አግኝተዋቸው በ1940ው ግን እንዳጧቸው፣ አማትዎ ፍራንሲስ ደግሞ በ1950ው በወንድነት ተመዝግበው እንዳገኟቸውና ይህ እንዴት እንደሚታረም ማወቅ እንደሚፈልጉ ጽፈዋል። ለብዙ ዓመታት የቆዩ መዝገቦችን በበጎ ፈቃደኝነት እያነበብኩ ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ ስለቆየሁ፣ የሚረዳዎትን ያህል በዝርዝር እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት አያትዎ አልተቆጠሩም ወደሚለው መደምደሚያ አይቸኩሉ። እርስዎ እስካሁን የፈለጉት በማውጫው ውስጥ እንጂ በመዝገቡ ውስጥ አይደለም፤ ማውጫውም ሌላ ሰው የቆጣሪውን የእጅ ጽሑፍ እንደመሰለው አንብቦ የጻፈው ነው። የ1940ው መዝገብ ምስሎች የ72 ዓመት የምስጢር ጊዜያቸው አብቅቶ ሚያዝያ 2 ቀን 2012 ለሕዝብ ሲከፈቱ የስም ማውጫ አልነበራቸውም፤ ከመቶ ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኞች ተረባርበው በጥቂት ወራት ውስጥ አዘጋጁት። በ2022 የተከፈተውን የ1950ውን ግን በመጀመሪያ ያነበበው የእጅ ጽሑፍ እንዲለይ የሠለጠነ ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ የሁለቱ ስሕተት ይለያያል። ሰው ሲሳሳት ብዙውን ጊዜ ያልለየውን ስም ወደሚያውቀው ስም ይወስደዋል፤ ኮምፒውተር ሲሳሳት ግን ስም የማይመስል የፊደል ድርድር ሊያወጣ ይችላል። በ1940ው ላይ እንግዳ ስም ሳይሆን ሌላ የተለመደ ስም ይጠብቁ የምለው ለዚህ ነው።

በዚያ ዘመን የእጅ ጽሑፍ በጣም የሚምታቱት ትልልቆቹ የመነሻ ፊደላት ናቸው። ኤል እና ኤስ፣ ቲ እና ኤፍ፣ አይ እና ጄ፣ ኬ እና አር ብዙ ጊዜ አንዱ በሌላው ይነበባሉ። ላውሰን የሚለው ስም ሳውሰን ወይም ዳውሰን ተብሎ ተገልብጦ ቢሆን አልደነቅም። መዝገቦቹ የሚፈለጉባቸው ድረ ገጾች ተቀራራቢ ድምፅ ያላቸውን ስሞች አብረው እንደሚፈልጉ ቢናገሩም፣ ይህ የመነሻ ፊደሉን ስሕተት ሁልጊዜ አያድንም። ለምሳሌ ሮበርት ራስል በ1918 የፈጠራ መብት ያገኙበት ሳውንዴክስ የተባለው ዘዴ የመጀመሪያውን ፊደል እንዳለ ይዞ ቀሪዎቹን ተነባቢዎች ወደ ሦስት አሃዝ ይለውጣል፤ በዚህ ስሌት ላውሰን ኤል 250 ሲሆን ሳውሰን ኤስ 250 ይሆናል፤ አሃዞቹ አንድ ቢሆኑም ሁለቱ ስሞች አይገናኙም። መፍትሔው በመጀመሪያው ፊደል ቦታ የጥያቄ ምልክት አስገብቶ የቀረውን ስም እንዳለ መጻፍ ነው። የጥያቄ ምልክት አንድን ፊደል፣ የኮከብ ምልክት ደግሞ ማንኛውንም ያህል ፊደል ይተካል።

ይህም ካልሠራ የአባት ስሙን ጨርሰው ይተዉት። እኔ በግሌ ከሁሉ ይበልጥ የምተማመነው በዚህ መንገድ ነው። በ1930ው ገጽ ላይ አብረው ከተመዘገቡት የቤተሰቡ አባላት መካከል ስሙ ብዙም ያልተለመደውን ይምረጡ፤ የመጠሪያ ስሙን፣ ዕድሜውን ከሁለት ዓመት ወዲህና ወዲያ፣ እንዲሁም ካውንቲውን (በክፍለ ግዛቱ ሥር ያለውን የአስተዳደር አካባቢ) ብቻ ሰጥተው ይፈልጉ። ክሊቭላንድ ያለችው ካያሆጋ ካውንቲ ውስጥ ነው። የትውልድ ቦታን ግን በፍለጋው ላይ አጥብቀው አይያዙ። ቤተሰቡ ከጆርጂያ የመጣ ከሆነ፣ ቆጣሪው በሁለት ፊደል ያሳጠረው የጆርጂያ ስም ፔንሲልቬኒያ፣ ቨርጂኒያ ወይም ሉዊዚያና ተብሎ ሲነበብ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ከደቡብ ወደ ሰሜን የፈለሱ ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦችን የሚፈልግ ሰው በዚህች አንዲት ስሕተት ምክንያት ሌላ ክፍለ ግዛት ውስጥ ሲዳክር ሊኖር ይችላል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ሌላው የሚጠቅመው ነገር ድረ ገጽ መቀየር ነው። የ1940ውን ቆጠራ አንሰስትሪ የተባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽና ፋሚሊሰርች በተባለው ሌላ ድረ ገጽ የተባበሩት በጎ ፈቃደኞች ለየብቻ ስለገለበጡት፣ አንዱ ያበላሸውን ስም ሌላው በትክክል አንብቦት ሊሆን ይችላል።

በስም ፍለጋው ምንም ካልተገኘ የሚቀረው በአድራሻ ሄዶ ገጾቹን አንድ በአንድ ማንበብ ነው። አያትዎ በዚያን ጊዜ ከ21 እስከ 35 ዓመት ዕድሜ ላይ ከነበሩ፣ ጥቅምት 16 ቀን 1940 በመላው አገሪቱ በተካሄደው የወታደራዊ አገልግሎት ምዝገባ ካርድ ሞልተዋል ማለት ነው፤ ካርዱ ከቆጠራው በኋላ ብዙም ሳይቆይ የነበሩበትን አድራሻ ይሰጥዎታል። ዕድሜያቸው ከዚያ ውጭ ከሆነ የከተማውን የነዋሪዎች አድራሻ መጽሐፍ ይመልከቱ። አድራሻውን ከያዙ በኋላ ስቲቨን ሞርስ ባዘጋጁት ነጻ ድረ ገጽ ላይ መንገዱን በማስገባት የቆጠራ ቀጠናውን ቁጥር ያግኙና የቀጠናውን ምስሎች ይክፈቱ። የመንገዱ ስም በግራ ጠርዝ ላይ ወደ ላይ ተጽፏል፤ እያንዳንዱ ገጽ 40 መስመር አለው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ፦ ቆጣሪው በመጣበት ጊዜ ቤት ያልተገኙ ሰዎች በተራቸው አልተጻፉም፤ በቀጠናው መጨረሻ ከ61 በሚጀምሩ ገጾች ላይ ተመዘገቡ። ጎረቤቶቹን በተርታ አግኝተው የአያትዎ ቤት ብቻ ቢጎድል ወደነዚያ ገጾች ይሂዱ። ደግሞም አባወራው በአንዱ ገጽ የመጨረሻ መስመር ላይ ውሎ ሚስትና ልጆች ወደሚቀጥለው ገጽ የተሻገሩ እንደሆነ ያጣሩ፤ ቆጣሪው የአባት ስሙን ሳይደግም ሰረዝ ብቻ አድርጎ ካለፈ፣ ገልባጩ ልጆቹን የማያውቃቸው ሰው ስም ሊሰጣቸው ይችላል።

ወደ አማትዎ ስመጣ፣ ከማረም በፊት ስሕተቱ የማን እንደሆነ መለየት ግድ ነው። በእንግሊዝኛው የሴቷና የወንዱ ፍራንሲስ የሚለዩት በአንዲት ፊደል ብቻ ስለሆነ መምታታቱ አይገርምም። ምስሉን ከፍተው የጾታውን ዓምድና ከአባወራው ጋር ያላቸውን ዝምድና የሚገልጸውን ዓምድ አብረው ያንብቡ። ዝምድናው ሴት ልጅ፣ ጾታውም ሴት ተብሎ ተጽፎ ማውጫው ብቻ ወንድ የሚል ከሆነ ስሕተቱ የማውጫው ነው፤ ያለ ማመንታት ያርሙት። ቆጣሪው ራሱ ወንድ ብሎ ጽፎ ከሆነ ግን ሰነዱ እንደዚያ ይላልና፣ የማውጫው ሥራ ሰነዱ ያለውን መናገር ስለሆነ እንዳለ እንዲተዉት እመክራለሁ። እውነቱን በራስዎ የዘር ሐረግ ላይ፣ ከልደት ምስክር ወረቀት ጋር አያይዘው ማስታወሻ ያድርጉት። በዚህ ነገር ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ፤ ሰነዱን በምናውቀው ቤተሰባዊ ታሪክ ልክ እያስተካከልን ከሄድን ከእኛ በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ ሰነዱ ምን እንዳለና እኛ ምን እንዳልን መለየት ያቅተዋል።

እርማቱን በፋሚሊሰርች ላይ በነጻ መለያ ገብተው በአብዛኞቹ የመዝገብ ስብስቦች ላይ ራስዎ ማስገባት ይችላሉ፤ የማረሚያው ቁልፍ በማይታይባቸው ስብስቦች ላይ ግን አይፈቀድም። አንሰስትሪ የመጀመሪያውን ንባብ አያጠፋውም፤ የእርስዎን ከጎኑ ጨምሮ ያስቀምጣል፤ ይህ ግን በቂ ነው፤ ምክንያቱም ቀጣዩ ፈላጊ በትክክለኛው ስም ሲፈልግ ገጹን ያገኘዋል። እርማቱ በፍለጋ ላይ ወዲያው ላይታይ ስለሚችል ደጋግመው አያስገቡት።

በመጨረሻ የጠየቁት በ1950ዎቹ በመርከብ ኒው ዮርክ ስለገቡት ተማሪ አጎትዎ ነበር። የኒው ዮርክ የመንገደኞች መዝገብ እስከ 1957 ድረስ ያለው በኢንተርኔት ይገኛል፤ ሆኖም የእኛ ስም በዚያ ቅጽ ላይ ልዩ ችግር አለበት። የአባታቸው ስም ገብረ ማርያም ከሆነ ገልባጩ ማርያምን ብቻ የቤተሰብ ስም አድርጎ ገብረን ከአጎትዎ ስም ጋር ቀጥሎት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በማርያም ብቻ፣ በገብረም ብቻ፣ እንዲሁም የራሳቸውን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ አስገብተው ይፈልጉ። ዕድሜያቸው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚዛነፍ ከሆነ የልደት ዓመታቸው በእኛ አቆጣጠር ተሞልቶ ሊሆን ስለሚችል ምስሉን ሳያዩ ሰውየው ሌላ ነው ብለው አይለፉት። የ1930ውን ገጽ ምስልና የቀጠናውን ቁጥር እዚህ ቢለጥፉልን ስለ ላውሰን ቤተሰብ አብረን ማንበብ እንችላለን።