የአንባቢያን ጥያቄ፦ ቪዲዮው አልቋል፣ ሽፋኑስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሳነብ ቆይቻለሁ፤ ስጽፍልዎ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የቪዲዮ ሥራ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያዬ የሙዚቃ ቪዲዮ ሠራሁ። ከቪዲዮው ጋር የአልበም ማሸጊያ፣ ማለትም ባለ አራት ገጽ ዲጂፓክ (እንደ መጽሐፍ የሚከፈት የካርቶን ሲዲ መያዣ)፣ እንዲሁም አንድ ፖስተር ማስረከብ አለብኝ። ዘፈኑ ከቤት ስለወጣች ልጅ ነው። ዘፋኟ ክብ መቀመጫ ያለው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ተሸክማ ከቦታ ቦታ ትዞራለች። የምትቀመጠው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ለሽፋኑ በጣም የምወደውን ፍሬም ከቪዲዮው ወሰድኩ፤ ዘፋኟ በቅርብ ተቀርጻ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ስክሪን ላይ ሲታይ ያምር ነበር። ሳሳትመው ግን ጠቆረ፤ ደበዘዘም። መምህሬ ደግሞ "ጥሩ ነው፣ ግን የማንኛውም ዘፈን ሽፋን ሊሆን ይችላል" አሉኝ። ማስረከቢያው 10 ቀን ቀርቶታል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በሁለተኛው ዓይኔ በርጩማው ላይ ቀረ። ቪዲዮውን ስትነግሪኝ ስሙን ጠርተሽ ያነሳሽው ዕቃ እሱን ብቻ ነው። ሽፋኑ ላይ ግን የለም። መምህርሽም ያሉሽ ይህንኑ ይመስለኛል። የምታለቅስ ሴት ፊት በመቶ ዘፈን ሽፋን ላይ ልትወጣ ትችላለች። በርጩማ ተሸክማ የምትዞር ልጅ ያለችው ግን አንቺ ቪዲዮ ውስጥ ነው።

ቪዲዮው የሚዞርበትን አንዱን ነገር ፈልጊና ለብቻው አውጪው። ሽፋን ማለት ለእኔ ይኼ ነው። ቪዲዮውን ያላየ ሰው "ይህ በርጩማ እዚህ ምን ይሠራል?" ብሎ ይጠይቅ። ያየ ሰው ደግሞ ሽፋኑን ሲያነሳ የመጨረሻውን ትዕይንት ያስታውስ። የልጅቷን ፊት ለቪዲዮው ተዪለት፤ እዚያ ቦታው ነው።

አሁን ስለ መደብዘዙ። ጥፋቱ የማተሚያው አይመስለኝም። ቪዲዮሽ እንደ አብዛኛው በ1920 በ1080 ፒክስል የተቀረጸ ከሆነ፣ ቁመቱ 1080 ነጥብ ብቻ ነው። ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ያስፈልጋል። 1080ን በዚህ ስታካፍዪው ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። የዲጂፓክ አንድ ገጽ ደግሞ ወደ 14 በ12 ተኩል ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ፍሬሙ ከአቅሙ በላይ ተለጥጧል። በ4ኬ፣ ማለትም በአራት እጥፍ ፒክስል፣ ብትቀርጪም ፒክስሉ ይበቃል እንጂ ሌላ ችግር ይቀራል። በሴኮንድ 25 ፍሬም ስንቀርጽ ብዙውን ጊዜ ሻተሩን፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ሴኮንድ ላይ እናደርጋለን። ይህ እንቅስቃሴን ለስለስ አድርጎ ያሳያል። ያንኑ ፍሬም አቁመሽ ስታዪው ግን እጅም ፀጉርም ተስቦ ይታያል። ለቪዲዮ ውበት የሆነው ለፎቶ ጉድለት ነው።

እኔም ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ ስህተት ሠርቻለሁ። ለአንድ ጓደኛዬ ማታ ከተቀረጸ ቪዲዮ ላይ ፍሬም ወስጄ ሽፋን ሠራሁለት። 200 ኮፒ አሳተምን። ካርቶኑን ስንከፍት ፊቱ የለም፤ ጥቁር በጥቁር ላይ ነው። ልጁ አልተቆጣኝም። አንዱን ኮፒ አንስቶ መስኮት አጠገብ ወሰደውና ወደ ብርሃን እያዘነበለ ፊቱን ፈለገ። ያንን አኳኋኑን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ከዚያ ወዲህ በመጨረሻው መጠን አንድ ናሙና ሳላሳትም፣ እሱንም በቀን ብርሃን ሳላይ፣ ምንም ነገር አላስረክብም።

ስክሪን ከራሱ ብርሃን ያወጣል። ወረቀት ግን የተቀበለውን ብርሃን ይመልሳል እንጂ የራሱ የለውም። ለዚህ ነው ጨለማ ምስል ሲታተም ይበልጥ የሚጨልመው። ከማሳተምሽ በፊት ጥላዎቹን ከፍ አድርጊ። ስክሪን ላይ ትንሽ የነጣ እስኪመስልሽ ድረስ አትፍሪ። ቀለሙም ይለያል። ስክሪን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ይቀላቅላል። ማተሚያ በሲያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ቀለም ይሠራል። የሚያበራ ሰማያዊና እንደ ኒዮን ያለ አረንጓዴ በነዚህ በአራቱ አይወጡም። ዲዛይኑን ወደ ኅትመት ቀለም ቀይረሽ እዪው፤ ከደነገጥሽ አሁን ደንግጪ።

10 ቀን ይበቃሻል። በርጩማው አሁንም እጅሽ ላይ ካለ አንድ ከሰዓት ስጪውና በፎቶ ካሜራ አንሺው። ትሪፖድ ተጠቀሚ። ቪዲዮውን የቀረጽሽበትን ቦታ ካገኘሽ እዚያ ሂጂ፤ ካላገኘሽ ግን የብርሃኑን አቅጣጫና የግድግዳውን ቀለም አመሳስዪ። ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ ቀጥ አድርገሽ አንሺ። ከላይ የምታነሺውን በተለይ አትዝለዪው፤ ወዲያው እነግርሻለሁ። ለሚቀጥለው ሥራሽ ደግሞ በቀረጻ ዕቅድሽ ውስጥ ለፎቶ ብቻ 20 ደቂቃ ያዢ። ጊዜው ጥሩው ትዕይንት እንዳለቀ፣ መብራቱ ሳይነሳ ነው። መብራቱ ከተነሳ በኋላ ያንን ስሜት መልሶ ማግኘት በጣም ይከብዳል።

ዲጂፓክ ከፖስተር የሚለየው ስለሚከፈት ነው። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህን ነገሩን ነው። ሰው መጀመሪያ ፊቱን ያያል፣ ይከፍታል፣ ሲዲውን ያነሳል፣ ከሥሩ ያለውን ያያል። አራት ጊዜ ታገኚዋለሽ። ቪዲዮ ሠሪ ነሽና እንደ አራት ትዕይንት አስቢው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር። ፊት ለፊት፦ በርጩማው ባዶውን፣ ሰፊ ባዶ ቦታ መሀል። ሲከፈት በግራ፦ ልጅቷ ከጀርባዋ፣ በርጩማው ትከሻዋ ላይ። በቀኝ ሲዲው አለ። የሲዲው ስፋት 12 ሴንቲ ሜትር ክብ ነው፤ የበርጩማሽ መቀመጫም ክብ ነው። ከላይ ያነሳሽውን ፎቶ ሲዲው ላይ አትሚው። ሰው ሲዲውን ሲያነሳ በርጩማውን አነሳው ማለት ነው። ከሥሩ የሚያየው ወለሉ ላይ የቀሩትን የሦስት እግሮች ምልክት ይሁን። ለዚህ የሲዲው ማስቀመጫ ፕላስቲክ የሚያሳይ፣ ቀለም የሌለው መሆን አለበት። ለማሳተም ስታዢ ይህንን በግልጽ ተናገሪ። ሲዲው መሀሉ ላይ የ1 ተኩል ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ እንዳለውም አትርሺ፤ ጽሑፍ እዚያ እንዳይገባ።

የጀርባው ገጽ ለዘፈኖቹ ዝርዝር ነው። ቀላል አድርጊው።

ኮምፒውተር ከመክፈትሽ በፊት አንድ ኤ4 ወረቀት ርዝመቱን ሳትነኪ ስፋቱን ወደ 12 ተኩል ሴንቲ ሜትር ቆርጠሽ ከመሀሉ እጠፊ። ባለ አራት ገጽ ዲጂፓክ ሲዘረጋ እዚያ ላይ በልኩ ይገባል። በእርሳስ የቱ ገጽ የት እንደሚውል ጻፊበት። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ውጪውን ስትዘረጊው ፊተኛው ገጽ የሚውለው በቀኝ ነው፤ ጀርባው በግራ ይሆናል። በመሀል ያለውን ጠባብ ጎንም አስቢበት። መደርደሪያ ላይ ሲቆም የሚታየው እሱ ብቻ ነው፤ የዘፋኟና የአልበሙ ስም እዚያ ይግባ። ምስልሽ በየዳሩ 3 ሚሊ ሜትር ከመቁረጫው መስመር ይለፍ። መቁረጫው ትንሽ ቢዛነፍ ነጭ መስመር እንዳይቀር ነው። ትክክለኛውን ልክ ግን ከሚያትምልሽ ቤት ተቀበዪ፤ ከቤት ቤት በጥቂት ሚሊ ሜትር ይለያያል።

ስለ ፊደል አንድ ነገር። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት የለውም። ስለዚህ ርዕሱን ከሌላው የምትለዪው በመጠን፣ በውፍረትና በዙሪያው በምትተዪው ባዶ ቦታ ነው። ጥላና ማብሪያ አትጨምሪበት። እንደ ጨ እና ቋ ያሉት ፊደላት ውስጣቸው ጠባብ ነው፤ ጥላ ሲገባባቸው ይደፈናሉ። ደቃቅ ጽሑፍ ደግሞ በጥቁር ቀለም ብቻ ይታተም። አራቱን ቀለም ደራርበሽ ካተምሽው በጥቂቱ እንኳ ካልተገጣጠሙ ፊደሉ ዳሩ ይንቀጠቀጣል።

ሲያልቅ ፊተኛውን ገጽ ስልክሽ ላይ አውራ ጣት ጥፍር እስኪያህል አሳንሺው። አሁን ብዙ ሰው ሽፋን የሚያየው በዚያ መጠን ነው። በርጩማነቱ ከታወቀ ጥሩ ነው። ካልታወቀ ቦታውን ጨምሪለት። ለዲጂታል ማሰራጫዎች 3000 በ3000 ፒክስል የሆነ አራት ማዕዘን ካሬ ለብቻው አዘጋጂ። የዲጂፓኩን ገጽ ቆርጠሽ አትጠቀሚ፤ ያ ካሬ አይደለም።

አልበም የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ? በድሮ ጊዜ አንድ ሸክላ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ረዘም ያለ ሥራ በብዙ ሸክላ ይቀረጽና እንደ ፎቶ አልበም በተጠረዘ ጥራዝ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ውጪው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያልተሳለበት፣ ደብዛዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 ገደማ ኮሎምቢያ ሪከርድስ በሚባል የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚ ውስጥ ይሠራ የነበረ አሌክስ ስታይንዋይስ የሚባል ወጣት ሽፋኑ ላይ ሥዕል ይውጣ ብሎ አለቆቹን አሳመነ። በዚያን ጊዜ ገና ሃያዎቹን መጀመሩ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ፖስተር ሠሪ ዘንድ ሠርቷል። ይህን የምነግርሽ ሽፋንና ፖስተር ከመጀመሪያው ዘመዳሞች መሆናቸውን እንድታዪ ነው። ፖስተርሽን እንደ ሌላ ሥራ አትጀምሪው፤ ያው በርጩማ፣ ያው የግድግዳ ቀለም፣ ያው ፊደል ይኑሩበት። ልዩነቱ ፖስተሩ ላይ ልጅቷ እየሄደች ብትታይ ነው። ሽፋኑ የቆመውን ዕቃ፣ ፖስተሩ ጉዞውን ይያዝ።

ጥያቄ፦ ለጓደኞቼ የሙዚቃ ቪዲዮ ምርቃት ፖስተር ሠርቼ ነበር። የሁሉንም 14 ሠራተኞች ስም፣ አምስት ፎቶ እና ኪውአር ኮድ አስገባሁ። ሰው ቆሞ አያነበውም። ኮዱም በብዙ ስልክ አልሠራም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሁሉንም ስም ለማስገባት መፈለግህን እወድልሃለሁ። የደከመ ሰው ስሙ መውጣት አለበት። ቦታቸው ግን የቪዲዮው መጨረሻና የማሸጊያው ውስጠኛ ገጽ ነው። ፖስተር የሚታየው በመንገድ ሲታለፍ ነው። አንድ ምስል፣ የባንዱ ስም፣ የዘፈኑ ርዕስ፣ ቀኑና ቦታው ይበቃሉ። ፖስተሩን ግድግዳ ላይ ለጥፈህ አምስት ስድስት እርምጃ ራቅ። ከዚያ ያልተነበበው ሁሉ ወይ ያድግ፣ ወይ ይውጣ። አምስቱን ፎቶዎች ለአምስት ፖስተር አድርጋቸው፤ በተለያየ ቀን አንድ በአንድ ይለጠፉ።

ኮዱን ነጭ አድርገህ ጥቁር መደብ ላይ አስቀምጠኸው ይሆን? ብዙ ስልክ የሚያነበው ጥቁሩ ነጭ ላይ ሲሆን ነው። በዙሪያው ባዶ ነጭ ክፍተትም ይፈልጋል፤ ከኮዱ ትንንሽ ካሬዎች የአራቱን ያህል። መጠኑ በግምት ከሚነበብበት ርቀት አንድ አሥረኛ ይሁን። ከአንድ ሜትር እንዲነበብ ከፈለግህ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር አድርገው። የሚወስድበትን አድራሻ አሳጥርና ካሬዎቹ ይቀንሳሉ፤ ንባቡም ይቀላል። ከስክሪኑ ላይ ሳይሆን ከታተመው ወረቀት ላይ፣ በተለያዩ ስልኮች ሞክረው።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤት ሥራ ስለሆነ ከኢንተርኔት ፎቶና ፎንት ወስጄ ሽፋን ብሠራ ችግር አለው? ዘፈኑም የታወቀ ሰው ሥራ ነው።

መልስ፦ ለክፍል ብቻ ከሆነ ብዙ ቦታ ሕጉ ላላ ይላል። ግን ጥሩ ከሠራህ ሰው እንዲያየው ትለቀዋለህ፤ ያኔ ነው ጉዳዩ የሚመጣው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ንጹሕ አድርገህ ሥራ። ፎቶውን ራስህ አንሳ። ፎቶው ላይ የሚታየውን ሰው በጽሑፍ አስፈርም፤ አንድ አንቀጽ ይበቃል። ለፊደል አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል እና የኖቶ ኢትዮፒክ ፎንቶች በነፃ ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው፤ ኅትመት ላይ ብታውላቸው ማንም አይጠይቅህም።

ዘፈኑ ላይ ሁለት መብት እንዳለ ዕወቅ። አንዱ የግጥሙና የዜማው ነው፤ ሌላው የተቀረጸው ድምፅ ነው። ባለቤቶቻቸው የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለቱንም ጠይቅ። ሲዲ ጀርባ ላይ በክብ ውስጥ ፒ የምታየው የተቀረጸውን ድምፅ ለማመልከት ነው። በክብ ውስጥ ያለው ሲ ደግሞ ሥዕሉንና ጽሑፉን ይመለከታል። ሽፋኑን አንተ ከሠራኸው ሲው አጠገብ የሚጻፈው ያንተ ስም ሊሆን ይችላል፤ ከባንዱ ጋር ከመታተሙ በፊት ተነጋገሩበት።