ጂኒው ታክሲ ቢሳፈር ረዳቱ ሂሳብ ይቀበለዋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የፊልም ገጽ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከመሀል አዲስ አበባ የመጡ ናቸው። የሚያጠነጥኑትም ምትሃቱንና ገሃዱን አንድ ፊልም ውስጥ ስለማኖር ነው።

ጥያቄ፦ የ12 ደቂቃ አጭር ፊልም እየጻፍኩ ነው። ከፒያሳ አራት ኪሎ የሚሄድ ታክሲ ላይ አንድ ጂኒ ይሳፈራል። ያነበቡት ጓደኞቼ «የልጆች ተረት ሆነብህ» አሉኝ። የሜክሲኮው ዳይሬክተር የጊየርሞ ዴል ቶሮ ፊልም «ፓንስ ላቢሪንት» ግን ከዚህ የባሰ ፍጡር አሳይቶ ያሳምነናል። ምን ቢያደርግ ነው? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ዴል ቶሮ ከፍጡሩ በፊት የሚጨነቀው ፍጡሩ ለሚቆምበት ወለል ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ይህ ፊልም ታሪኩ 1944 ስፔን ላይ ነው፤ የአምባገነኑ የፍራንኮ ወታደሮች ጫካ የገቡ ሸማቂዎችን ያድናሉ። ራሽን አለ፣ የመጋዘን ቁልፍ አለ፣ ነፍሰ ጡር እናት ታማለች። ልጅቷ ኦፌሊያ እናቷን ለማዳን ሰው የሚመስል የማንድሬክ ሥር ትኩስ ወተት ባለበት ሳህን ነክራ አልጋው ስር ትደብቃለች፤ በየጠዋቱም ሁለት ጠብታ ደም ትሰጠዋለች። ልብ ይበሉ፤ ሥሩ እንደ ሕፃን ሲወራጭ የምታየው እሷ ናት፤ ሳህኑን ግን የእንጀራ አባቷ ካፒቴን ቪዳል ያገኘዋል። ምትሃቱን ያላየ ሰው ዕቃውን ነካው ማለት ነው። መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ይኸው ሰውዬ ፋውኑን፣ ማለትም ልጅቷን የሚያናግራትን ግማሽ ሰው ግማሽ ፍየል ፍጡር፣ አያየውም፤ ልጅቷ ብቻዋን የምታወራ ነው የሚመስለው። ፊልሙ «እውነት ነው» ወይም «ቅዠት ነው» ብሎ ሳይፈርድ የሚዘልቀው ማን ምን ያያል የሚለውን ሕግ አጥብቆ ስለያዘ ነው።

ቀለሙም ሥራ አለው። የወታደሮቹ ዓለም ሰማያዊና ቀዝቃዛ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ልጅቷ የምትገባበት የምድር ውስጡ ምትሃታዊ ዓለም ወርቃማና ቀይ፣ ቅርጹም ክብ ነው። ታሪኩ ሲገፋ የአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ይሰርጋል። ፋውኑንም ሆነ ዓይኑን መዳፉ ላይ የሚሰካውን ፍጡር የተጫወተው አንድ ሰው፣ ዳግ ጆንስ ነው። ልጅቷ አጠገቧ የቆመ አካል ስላላት ዓይኗ የሚያርፍበትን አይስትም።

ወደ ታክሲዎ እንምጣ። ጂኒውን ማን ያየዋል? ረዳቱ ካየው ሂሳብ ይጠይቀዋል፤ ጂኒው ጠገራ ብር ያወጣል፤ ረዳቱም «ዝርዝር የለህም እንዴ?» ይለዋል። ይህች አንዲት መስመር ከጭስና ከቀይ መብራት በላይ ታሳምናለች። ረዳቱ ካላየው ደግሞ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ሰው ሲጭን ያ ወንበር ለምን ባዶ እንደሚቀር ምክንያት ያዘጋጁለት፤ መቀመጫው የተቀደደ ወይም የረጠበ ቢሆን ይበቃል። አንዱን ይምረጡ። 3ኛው ደቂቃ ላይ ያልታየ ጂኒ 8ኛው ላይ ያለ ምክንያት ከታየ ፊልሙ እዚያው ይፈርሳል። ጠገራዋን ከመረጡ ጂኒው ከወረደ በኋላም አትጥፋ፤ ረዳቱ የቀኑን ገቢ ሲቆጥር ከብሮቹ መሀል ትውጣ።

ካሜራዎንም አይቀይሩ። ሌሎቹን ተሳፋሪዎች በእጅ ይዘው፣ በሰፊ ሌንስ፣ በመስኮት ብርሃን ከቀረጹ ጂኒውንም እንደዚያው ይቅረጹት። ለእሱ ሲሆን ብቻ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) መዘርጋት፣ ጭስ መልቀቅና ሙዚቃ ማስገባት ለተመልካቹ «አሁን ተረቱ ጀመረ» ብሎ ማወጅ ነው። ጓደኞችዎን ያልጣማቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ጥያቄ፦ ምትሃቱን እንደ ተራ ነገር ከገሃዱ ጋር የማዋሃድ ስልት የላቲን አሜሪካ ነው ይሉናል። እኛ ስንሠራው መኮረጅ አይሆንም? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ኧረ አይሆንም። በተአምረ ማርያም ላይ በላኤ ሰብእ «ብዙ ሰው በላ» አልተባለም፤ 78 ነው የተባለው፣ ያዳነውም አንድ ጥርኝ ውሃ ነው። ትረካው ልብ ውስጥ የሚቀረው ቁጥሩና ጥርኙ ስላሉ ነው። ከፊልም ደግሞ የኃይሌ ገሪማን «ሳንኮፋ» (እ.ኤ.አ. 1993) ይዩ። ጋና ውስጥ በኬፕ ኮስት ምሽግ ፎቶ የምትነሳው ሞዴል ወደ ምድር ቤቱ ትገባለች፤ በሰንሰለት የታሰሩት ሰዎች ይከቧታል፤ በባርነቱ ዘመን ውስጥ ናት። የጊዜ ማሽን የለም፣ ብልጭታ የለም። ለነገሩ የከተማችን ሰው የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ የጠራ ነውና ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደለም።

ጥያቄ፦ የሞቱት አያት ሳሎን ውስጥ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ከኋላቸው ያለው ግድግዳ በእሳቸው ውስጥ እንዲታይ እንፈልጋለን። ኮምፒውተራችን አቅም የለውም። (ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ)

መልስ፦ ኮምፒውተሩን ትታችሁ መስታወት ግዙ። ጆን ፔፐር የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንደን መድረክ ላይ ያሳየው ዘዴ ዛሬም ይሠራል፤ ከጎን የተደበቀች ተዋናይ ነጸብራቅ መስታወቱ ላይ ያርፍና፣ በመስታወቱ ውስጥ ከሚታየው ሳሎን ጋር ይደራረባል።

ተራ የመስኮት መስታወት፣ ውፍረቱ ከ4 ሚሊ ያልበለጠ፣ 1 ሜትር በ70 ሳንቲ አስቆርጡ፤ ጠርዙንም አስሞርዱት። ወፍራም መስታወት ከፊትም ከኋላም ገጹ ስለሚያንጸባርቅ የአያትየው ምስል ጠርዙ ድርብ ይሆናል። ካሜራውን በ50 ሚሊ ሌንስ ከመስታወቱ 50 ሳንቲ ያህል አርቃችሁ አቁሙ፤ መስታወቱ ከሌንሱ አቅጣጫ 45 ዲግሪ ይዙር።

አሁን ርቀት ለኩ። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ባዶ ወንበር ከመስታወቱ 3 ሜትር ከራቀ፣ ተዋናይዋም በጎን በኩል፣ ከካሜራው እይታ ውጭ፣ ልክ 3 ሜትር ላይ ትቀመጥ። 2 ሜትር ላይ ካስቀመጣችኋት ትገዝፋለች፤ ከወንበሩ ፊት የተንሳፈፈች ትመስላለች። የእሷ ወንበር ቁመቱ ከሳሎኑ ወንበር እኩል ሆኖ በጥቁር ከፋይ ይሸፈን፤ ከኋላዋና ከእግሯ ስርም ጥቁር ከፋይ ይሁን። ተራ ጥቁር ጨርቅ ብርሃን ሲያርፍበት ግራጫ ይሆንና ሳሎኑ ላይ ጭጋግ መስሎ ይወጣል።

መስታወቱ በዚህ ማዕዘን የሚመልሰው ከሚያርፍበት ብርሃን 10 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሳሎኑን አደብዝዙ፣ ተዋናይዋ ላይ ጠንካራ መብራት አብሩ። ነጭ ልብስ እዚህ ላይ ትልቅ እገዛ ነው። መብራቱ ግን መስታወቱን በቀጥታ እንዳይነካው፤ ከነካው አቧራውና የጣት አሻራው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሌንሱ ላይ ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ ማጣሪያ) ካለ አውጡት፤ ነጸብራቁን ይዞባችሁ ይጠፋል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ነጠላውን ነው። መስታወት ግራና ቀኝን ስለሚገለብጥ በግራ ትከሻ የተጣለ ነጠላ በቀኝ ይታያል። በቀደመው ትዕይንት አያትየው በሕይወት ሳሉ ታይተው ከሆነ ተዋናይዋ ነጠላውን አገላብጣ ትልበስ። ፎከሱን መስታወቱ ላይ ሳይሆን ምስሉ ላይ፣ ማለትም 3 ሜትር ተኩል ላይ ቆልፉት፤ በስልክ የምትቀርጹ ከሆነ ራሱ እንዳይቀይረው። ሳሎን ውስጥ ያለው ተዋናይ የሚያየው ባዶ ወንበር ስለሆነ አያትየው ዓይናቸው በሚሆንበት ከፍታ ግድግዳው ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጥፉለት። አያትየው ቀስ ብለው እንዲገለጡ ከፈለጋችሁ ርካሽ መብራት አደብዝዞ ማብራት ስለሚያርገበግበው፣ በመብራቱ ፊት የያዛችሁትን ካርቶን ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት።

ጥያቄ፦ ሕልም እንዲመስል ቸርችል ጎዳናን ማታ በሰከንድ በ120 ፍሬም ቀረጽኩ። ምስሉ ይርገበገባል፣ ጥቁር መስመርም ይሮጥበታል። (ከቸርችል ጎዳና)

መልስ፦ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። በ25 ፍሬም ሲሆን ሻተሩን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ፣ በ50 ፍሬም ሲሆን 1/100 ያድርጉት። 50ውን በ25 ሲያጫውቱት ግማሽ ፍጥነት ያገኛሉ፤ ከዚያ በላይ ዘገምተኛ ማድረግ ከፈለጉ በቀን ብርሃን ይቅረጹ። የኛን ሐሳብ ከጠየቁን ግን ሕልም ዝግ ብሎ አይሄድም፤ ሕልም ውስጥ ያለ ሰው እንደ ልቡ ይራመዳል፣ የተሳሳተው የደረሰበት ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ ለመንፈሱ ድምፅ ምን ያህል ማስተጋቢያ እንጨምር? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ምንም። ከመጨመር ይልቅ ቀንሱ። ትዕይንቱ ሲጀመር የመንገዱ ጥሩምባ፣ የጎረቤት ጄኔሬተርና የሊስትሮው ሳጥን ይሰማ፤ መንፈሱ ከመናገሩ 3 ሰከንድ በፊት እነዚህን ዝቅ እያደረጋችሁ አጥፉና ድምፁን በቅርብ ማይክ እንደተቀዳ ተዉት። ለዚህም የእያንዳንዱን ቦታ ድምፅ ሰው ሳይናገር 1 ደቂቃ ለብቻ ቅዱ። ያ ከሌለ ኤዲተሩ የሚያጠፋው ነገር አይኖረውም፤ ጥሩምባው ከንግግሩ ጋር አንድ ትራክ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።