ካላንቾዬ ለምን አታብብም? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንዲት ተክል ናቸው፤ ስለ ካላንቾ። ቅጠሏ ወፍራም ነው። አበባዎቿ ትንንሽ ሆነው በዘለላ የሚወጡ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ ሮዝ ወይም ነጭ ናቸው። ስትገዛ አበባዋን ተሸክማ ነው የምትመጣው። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ቦታ ሁሉ ለእሷ ለቅቄያለሁ።

“በየጠዋቱ ሳልረሳ አጠጣታለሁ። ግን የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው እየረገፉ ነው፤ ግንዷም ከሥር ለስልሷል። ውሃ አንሷት ይሆን?”

ኧረ በዝቶባት ነው እህቴ! ካላንቾ ውሃ ቅጠሏ ውስጥ አጠራቅማ የምትኖር ተክል ናት። የትውልድ አገሯ ማዳጋስካር ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ ከራሷ ስንቅ እየቆነጠረች ትቆያለች። እንዲህ ያለችውን በየቀኑ ማጠጣት ሥሯን አየር መንሳት ነው። አየር ያጣ ሥር ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ይጠወልጋል። ባለቤቷም ጠማት ብላ ትጨምርላታለች። ብዙ ካላንቾ የሚያልቀው በዚህ መንገድ ነው፤ በጥማት የሞተች ብዙም አላየሁም።

ለማጠጣት ቀን አትቁጠሪ። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቺ። እርጥበት ከተሰማሽ ተያት። ደረቅ ከሆነ ውሃው ከታች እስኪወጣ አጠጪና ሰሃኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፊው። ፖቱ ከታች ቀዳዳ ከሌለው ደግሞ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ከንቱ ነው። ብዙ ጊዜ በሚያብለጨልጭ ላስቲክ ተጠቅልላ ነው የምትሸጠው። ላስቲኩ ውሃ ያቁራል፤ ቤት እንደገባች ግፈፉላት።

የአንቺዋ ግን ግንዷ ከለሰለሰ ከሥሯ የመዳን ተስፋዋ የመነመነ ነው። ከላይ ጠንካራ የሆነውን ቆርጠሽ እንደ አዲስ ትከዪው። አተካከሉን ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

“ዓመት አልፏታል። ቅጠሏ ያምራል፣ አበባ ግን ወይ ፍንክች። ባለቤቴ ማዳበሪያ ጨምርላት ትለኛለች። ልጨምር?”

ማዳበሪያው ይቆይህ። የጎደላት ጨለማ ነው።

ካላንቾ የምታብበው የሌሊቱን ርዝመት ለክታ ነው። ሌሊቱ ሲረዝም እምቡጥ ታዘጋጃለች፤ ሲያጥር ቅጠል ብቻ ታበዛለች። ታዲያ ለእሷ መሸ የሚባለው መብራቱ ሲጠፋ ነው። እስከ እኩለ ሌሊት ቴሌቪዥን የሚታይበት ሳሎን ውስጥ ከተቀመጠች፣ ውጭው ቢጨልምም ለእሷ ገና አልመሸም። አበባ አምራቾች በፈለጉት ወር እንድታብብ የሚያደርጓት ይህንኑ ጠባይዋን አውቀው ነው። በጊዜ ጥቁር ሸራ ይጋርዱባታል።

ቤት ውስጥም ይሠራል። በቀን 14 ሰዓት ያህል ድፍን ጨለማ፣ ለ6 ሳምንት። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ካርቶን ድፋባት፣ ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባት፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አውጣት። ቀን ቀን ደህና ብርሃን የሚገባበት መስኮት አጠገብ ትዋል፤ ቀኑንም ጨለማ ውስጥ ከዋለች ትከሳለች እንጂ አታብብም። በእነዚህ ሳምንታት ውሃውን ቀነስ፣ ማዳበሪያውን ተወት። “እስቲ እንዴት ሆነች” ብሎ ሌሊት ካርቶኑን ገልጦ መብራት ማብራት የለም። አጭር ብርሃንም ቢሆን ሌሊቱን ለሁለት ይቆርጥባታል። አንድ ቀን ረስተህ ብታሳልፍ ግን ዓለም አልተገለበጠም፤ በማግስቱ ቀጥል።

ከቅጠሎቹ መሃል የክብሪት ጫፍ የሚያህሉ አረንጓዴ እምቡጦች ብቅ ሲሉ ካርቶኑን ጣለው። ሙሉ በሙሉ እስክትፈካ ግን ገና ሳምንታት ይቀራሉ። አበባው ደርቆ ሲያበቃ ዘለላውን ከነአገዳው ቁረጠው። ለማዳበሪያው ጊዜው ያኔ ነው፤ ቅጠል በምታበዛበት ወቅት በወር አንዴ፣ በውሃ ቀጠን አድርገህ።

“ይሄን ሁሉ ማን ይችላል?” ካልክ አልፈርድብህም። ብዙ ሰው ካላንቾን እንደ እቅፍ አበባ ቆጥሮ፣ አበባዋን አጣጥሞ ለሌላ ይሰጣታል። ያም አንድ መንገድ ነው።

“ሴት አያቴ ተክል ሌሊት አየር ይሻማል፣ ከመኝታ ቤት አውጪው ትላለች። እውነት ነው?”

አያትሽ ያለ ነገር አላሉም። ተክሎች ሌሊት እንደኛው ኦክስጅን ይጠቀማሉ። መጠኑ ግን ኢምንት ነው፤ አጠገብሽ የሚተኛው ሰው እጅግ ይበልጣል።

የካላንቾ ነገር ደግሞ ለየት ይላል። አብዛኞቹ ተክሎች የቅጠላቸውን ቀዳዳ ቀን ከፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባሉ። እሷ ግን ቀን ከከፈተች በሙቀቱ ውሃዋ ይተንባታል። ስለዚህ ቀን ዘግታ ትውልና ሌሊት በቅዝቃዜ ትከፍታለች። የገባውን በአሲድ መልክ ቅጠሏ ውስጥ ታስቀምጠውና ሲነጋ በፀሐይ ብርሃን ትሠራበታለች። ህንድ ይኖር የነበረ ቤንጃሚን ሄይን የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ የካላንቾን ዘመድ ቅጠል ሲቀምስ፣ ጠዋት ጠዋት እንደሚኮመጥጥ፣ እኩለ ቀን ገደማ ግን ምንም ጣዕም እንደሌለው ልብ ብሎ ነበር። ይህንን የጻፈበት ደብዳቤ እ.ኤ.አ. በ1815 ታትሟል። እናንተ ግን እንዳትሞክሩት፤ ምክንያቱን ቀጥሎ ታዩታላችሁ።

“ድመቴ ቅጠሏን ታኝካለች። ችግር አለው?”

አለው። ካላንቾ ለድመትም ለውሻም መርዝ ናት። ትንሽ ካኘኩ ያስመልሳቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋል፤ ብዙ ከበሉ የልብ ምታቸውን ታዛባለች። ድመቷ የማትደርስበት ከፍታ የሚባል ነገር ስለሌለ መደርደሪያ ላይ መስቀሉን አልመክርም። በር የሚዘጋበት ክፍል ከሌለ ተክሏን ለሌላ ሰው ስጡ። መብላቷን ካያችሁ ምልክት ሳትጠብቁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት።

“ቁመቷ ተመዝዞ ግንዷ ቀጠነ፣ ወደ አንድ ጎንም ዘመመች። ደጋፊ እንጨት ላድርግላት?”

እንጨት አያድናትም። ብርሃን ፍለጋ ነው የተመዘዘችው። ወደ መስኮት አስጠጓት፣ በየጊዜው አዙሯት። ከጨለማ ጥግ አውጥቶ በአንድ ጊዜ የቀትር ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ግን ቅጠሏን ያቃጥላታል፤ ቀስ በቀስ አለማምዷት።

የተመዘዘው ተመልሶ ስለማያጥር ቁረጡት። የቆረጣችሁትን እንዳትጥሉ፣ አዲስ ተክል ነው። የጣት ርዝመት ያህል ያለውን ጫፍ ያዙ፣ የታችኞቹን ቅጠሎች ልቀሙ። ከዚያ ለጥቂት ቀናት ጥላ ቦታ ላይ ዝም ብላችሁ አስቀምጡት። የተቆረጠው አፍ ደርቆ ስስ ቅርፊት ሲይዝ ነው የሚተከለው። ትኩሱን ከተከላችሁት እዚያው ይበሰብሳል። አሸዋ ወይም ፐርላይት (ውሃ እንዳይቋጥር አፈር ውስጥ የሚጨመር ነጭ ቀላል ጠጠር) በደንብ የተቀላቀለበት አፈር ውስጥ ተክሉት፣ አፈሩን ረጠብ አድርጉ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ቀስ ብላችሁ ሳብ ስታደርጉት አልነቀል ካለ ሥር ይዟል።

“የቅጠሎቿ ጠርዝ ቀላ። በሽታ ነው?”

ቅጠሉ ጠንካራ ከሆነ አይደለም። ፀሐይ ሲበረታባት ትቀላለች። እኔ እንዲያውም እንዲያ ስትሆን ደስ ትለኛለች።

“ቅጠሉና ግንዱ በሚገናኙበት ቦታ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ተለጥፏል።”

ጥጡ ተባይ ነው። ፈሳሽዋን እየመጠጠ ያደርቃታል። መጀመሪያ ከሌሎቹ ተክሎች ለይዋት። የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ 70 በመቶ አልኮል ነክራችሁ አንድ በአንድ ጥረጓቸው። በየሳምንቱ ድገሙት፤ ከዓይን ያመለጠው እንቁላል ይፈለፈላልና።

“የእኔዋ በቅጠሏ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ችግኞች ታበቅላለች። እንደናንተዋ በዘለላ ስታብብ ግን አላየሁም። ካላንቾ አይደለችም እንዴ?”

ካላንቾ ናት፣ ግን ሌላዋ ዓይነት። እነዚያ ችግኞች እየረገፉ በየጎረቤት ፖቱ ውስጥ ይበቅላሉ፤ ካልተከታተሏት ቤቱን ትወርሳለች። ውሃና ብርሃን ላይ ያልኩት ለእሷም ይሠራል። እሷም መርዝ ናትና የረገፉትን ልጅ ወይም የቤት እንስሳ አፉ ውስጥ ሳይከት ቶሎ ቶሎ ጥረጓቸው።