አንድ ጂን ይዤ የት እደርሳለሁ?

ደብዳቤሽን ለአንባቢ ባጭሩ ላስቀምጠው። ባዮሎጂ ተመርቀሽ ሁለተኛ ዲግሪ ጀምረሻል። አማካሪሽ ለመመረቂያ ጥናት ቢቲኬ የሚባለውን ጂን ሰጥተውሻል። "ሁለት ዓመት አንድ ጂን ላይ ተቸክዬ ስወጣ ማን ይቀጥረኛል?" ትያለሽ። አባትሽ "ይሄን ትተሽ ሕክምና ግቢ" ይላሉ። ኮድ መጻፍ አለመቻልሽም፣ 26 ዓመት መሙላትሽም፣ ጥናቱ አበል ይኑረው አይኑረው አለማወቅሽም አሳስቦሻል።

ዕድሜውን እንለፈው፤ 26 ዓመት ምንም አይደለም። ኮድ ይለመዳል። አር የሚባለውን ፕሮግራም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነካኪ፣ ለአሁኑ ይበቃሻል።

የመጀመሪያው ጭንቀትሽ ግን ዝም ብዬ የማልፈው አይደለም። ይሄን ነገር ከብዙ ተማሪ እሰማለሁ፤ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አንድ ጂን ጠባብ ነው ያለሽ ማነው?

የራስሽን ጂን እንየው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኦግደን ብሩተን የተባሉ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም አንድ የ8 ዓመት ልጅ በኢንፌክሽን እየተመላለሰ ቢያስቸግራቸው ደሙን አስመረመሩ። ፀረ እንግዳ አካላት የሚገኙበት የደም ክፍል፣ ጋማ ግሎቡሊን የሚባለው፣ ጭራሽ የለም። ከውጭ በመርፌ ሲሰጡት ልጁ ተሻለው። ምክንያቱ የተገኘው ግን በ1993 ነው፤ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ የተቀመጠ አንድ ጂን ተበላሽቶ ነው፣ ያው ያንቺ ቢቲኬ። ወንድ ያለው ኤክስ አንድ ብቻ ነው፤ በሽታው በአብዛኛው ወንዶችን የሚይዘውም ለዚህ ነው። ፀረ እንግዳ አካላትን የሚያመርተው ነጭ የደም ሴል ቢ ሴል ይባላል፤ ከጂኑ የሚሠራው ኢንዛይም ቢ ሴሉ በላዩ ላይ የተቀበለውን መልእክት ወደ ውስጥ ያቀብላል። መልእክቱ ከተቋረጠ ሴሉ መቅኒ ውስጥ ሳይጎለምስ ይቀራል።

አሁን ገልብጪው። በአንዳንድ የደም ካንሰሮች ያው መልእክት መሞት የነበረበትን ሴል በሕይወት ያቆየዋል። ስለዚህ ኢንዛይሙን የሚያግድ ኢብሩቲኒብ የሚባል መድኃኒት ተሠራ፤ አሜሪካ ውስጥ በ2013 ተፈቀደ። ኢንዛይሙ አሚኖ አሲድ በሚባሉ ጡቦች ሰንሰለት የተሠራ ነው፤ መድኃኒቱ የሚጣበቀው 481ኛው ቦታ ላይ ባለው፣ ሲስቲን በሚባለው አሚኖ አሲድ ላይ ነው። አንዳንድ ሕመምተኞች ላይ ያ ሲስቲን ሴሪን ወደሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ ይቀየርና መድኃኒቱ መያዣ ያጣል። እሱን ለመሻገር ደግሞ ሲስቲኑን የማይፈልጉ አዳዲስ መድኃኒቶች መጡ። የሕፃናት ሕክምና፣ የካንሰር ሕክምና፣ የመድኃኒት ቅመማ፣ የጄኔቲክ ምርመራ፣ ሁሉም አንድ ጂን ላይ ተገናኙ። እስቲ ጠባብነቱ የቱ ጋ ነው?

ይሄን ስልሽ ግን ጂኑ ደሞዝ ይከፍልሻል ማለቴ አይደለም። ቀጣሪ የትኛውን ጂን አጠናሽ ብሎ ብዙም አይጨነቅም። የሚጠይቅሽ የትኛው ማሽን ላይ ብቻሽን ትቆሚያለሽ ብሎ ነው። ስለዚህ አማካሪሽን ስለ ርዕሱ ሳይሆን በየሳምንቱ በእጅሽ ስለምትሠሪው ሥራ ጠይቂያቸው። መልሳቸው "ጽሑፍ ታነቢያለሽ፣ ሠንጠረዥ ትሞያለሽ" ከሆነ ፍርሃትሽ ልክ ነው፤ ጥፋቱ ግን የጂኑ አይደለም።

እኔ ብሆን ፍሎው ሳይቶሜትሪ ያለበትን ክፍል እለምን ነበር። ሴሎች አንድ በአንድ በሌዘር ፊት ያልፋሉ፤ እያንዳንዱ ሴል ስክሪኑ ላይ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ጤነኛ ልጅ ላይ ቢ ሴሎቹ አንድ ቦታ ተሰብስበው ታያቸዋለሽ። የታመመው ልጅ ላይ ያ ቦታ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የእናቱን ደም ወስደሽ ሞኖሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ያለውን የቢቲኬ ፕሮቲን ስታቀልሚ ብዙ ጊዜ ለሁለት ተከፍለው ይወጣሉ፤ ግማሾቹ አላቸው፣ ግማሾቹ የላቸውም። እናትየው ሳትታመም የተበላሸውን ጂን እንደተሸከመች አንድ ምስል ይነግርሻል። ያን ምስል አውጥቶ በትክክል የሚያነብ ሰው ምርመራ ቤትም፣ መድኃኒት ኩባንያም፣ ምርምር ተቋምም ይፈልገዋል። ለረጅም ዓመት ኑሮዬን የመራሁት በዚሁ ማሽን ነውና ምክሬ ወደዚያ ቢያዘነብል አይግረምሽ።

ወደ አባትሽ ልምጣ። ቅር አይበላቸውና፣ ሌሊት ተረኛ ሆነው የሚያድሩት እሳቸው አይደሉም። ሐኪም የምትሆኚው ሕመምተኛ አጠገብ መቆም ከወደድሽ ብቻ ነው። ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ሕመምተኛ አንድም መስመር አላገኘሁም፤ ስለ ሴል ግን አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈሻል። "ልጄ ሐኪም ናት" ለማለት ብቻ ሌላ ረጅም ትምህርት መጀመር በጣም ውድ ኩራት ነው። አባትሽን በክርክር አታሸንፊያቸውም። ይልቅ የሥራ ማስታወቂያዎችን ሰብስበሽ የሚጠየቀውን ሙያ አስምሪበትና አሳያቸው።

ገንዘቡን በተመለከተ ይሉኝታ አያጥቃሽ። ጥናቱ አበል ከሌለውና ቤተሰብሽ ሊደግፍሽ ካልቻለ፣ ርዕሱ የቱንም ያህል ቢያምር እንዳለ አትቀበዪው። በትርፍ ሰዓት የሚከፈልበት የላብራቶሪ ረዳትነት ካለ ያያይዙልሽ፤ ከሌለም ሌላ አማካሪ ፈልጊ። ለሳይንስ ፍቅር ሲባል በነፃ ሥሪ የሚልሽን አትስሚው። እሱ ደሞዝ አለው።

እሺ ከማለትሽ በፊት ለአማካሪሽ ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቂ። የትኞቹን ማሽኖች ራሴ እነካለሁ? ከእርስዎ ጋር ጨርሰው የወጡ ተማሪዎች አሁን ምን ይሠራሉ? አበሉ በወር ስንት ነው፣ እስከ መቼስ ይቆያል? ሦስቱንም ሳያድበሰብሱ ከመለሱልሽ ፈርሚ።